የጅብራ ሜዳ አዲሱ ክምር

ጅብራ ሜዳ ላይ ጠብ ቀጠሮ ይፈልጋል። ባልና ሚስት ቢኮራረፉ፣ ጎረቤት በጎረቤቱ በግ ቢናደድ፣ በር ላይ ቆሞ መጮህ የለም። ጋቢ ደርቦ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ከቀለበቱ ወጥቶ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ከተደረሰ በኋላ ነው አፍ የሚከፈተው። አብዛኛው ሰው እስኪደርስ ንዴቱ ይበርድለታል። በዚህ ምክንያት መንደሩ በ2084 ዓ.ም. በሰላማዊነቱ ተሸልሟል፤ ተሸላሚዎቹም በሹክሹክታ አመስግነዋል።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከክምሩ ነው። ክምሩ ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ ራስ ላይ የተቀመጠ፣ ሰው የሚያህል ከፍታ ያለው ክብ የድንጋይ ቁልል ነው። ከሥሩ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ተኝቷል ይባላል። ስሙን የሚያውቅ የለም። መንደርተኛው በደፈናው "ሰውዬው" ይለዋል። የዱሮ ሰዎች ክምሩ ላይ ገብስ ያሰጡ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን "አትንኩ" የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ቀጥሎ የሽቦ አጥር መጣ። ሽቦው ሲነሳ በምትኩ ቀጫጭን ምሰሶዎች ዙሪያውን ቆሙና ቀለበቱ ተባሉ። ድንጋዩን የሚጎዳው ንዝረት ነው የሚል ጥናት በወጣ ቁጥር ቀለበቱ ይሰፋል። መጀመሪያ የግጦሹን መሬት ወሰደ፣ ቀጥሎ እርሻውን፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን መቃብር፣ በመጨረሻም ቤቶቹን። ከቤቱ የተባረረ ግን አንድም ሰው የለም። ይህ ደጋግሞ መነገር አለበት፤ ምክንያቱም ደጋግሞ ይነገራል።

በቀለበቱ ውስጥ ማረስ፣ መቆፈር፣ ከመሬት ድንጋይ ማንሳት፣ ጎማ ያለው ነገር መንዳትና መጮህ አይፈቀድም። ድንች የሚበቅለው ከጣሪያ ጋር በተንጠለጠለ ሣጥን ውስጥ ነው። በጎች ወፍራም የሱፍ ካልሲ ያደርጋሉ፤ ካልሲ ማጠብ የቅዳሜ ሥራ ነው። ሠርግ ላይ እልልታው በመዳፍ ታፍኖ ይወጣል። ምሰሶዎቹ ሰው አይቆጡም፤ ለስለስ ባለ ድምፅ "ይቅርታ፣ ድምፅዎ ትንሽ ከፍ ብሏል" ይላሉ፣ በዚያው ያበቃል። ደንቡን የጣሰ ሰው ከተገኘ ግን ከመሬቱ የሚነሳው እሱ ብቻ ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ነው። ስለዚህ ሰው ምሰሶውን ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠብቃል።

ሄራን የመንደሩ እድር ጡሩምባ ነፊ ነች። እርግጥ ነው፣ አትነፋም። ሰው ሲሞት ጡሩምባውን አፏ ላይ ገጥማ፣ ጉንጯን ነፍታ፣ ድምፅ ሳታወጣ በየቤቱ ደጃፍ ታልፋለች። በመስኮት ያያት ነጠላውን ያዘቀዝቅና ይወጣል። ሥራውን ከአባቷ ነው የወረሰችው። አባቷ የሞቱት ቀለበቱ መቃብሩን በወሰደ ማግስት ነበር። ቁፋሮ ስለተከለከለ ከተማ ወዳለው ማረፊያ ሕንፃ ተወሰዱ። ማረፊያ ሕንፃው ረጅምና ንጹሕ ነው። ሟቾች በመሳቢያ ይቀመጣሉ፤ በሩ ላይ ስማቸው ይበራል። ከዓመታት በኋላ ሄራን ሻማ ይዛ ስትሄድ በመሳቢያው ላይ የሌላ ሰው ስም ሲበራ አገኘች። አባቴስ ብላ ስትጠይቅ ግድግዳው በትሕትና መለሰላት።

"ጊዜያቸው ስላበቃ ወደ ጋራ ማረፊያ ተዛውረዋል።"

"የት ነው እሱ?"

"የጋራ ነው" አለ ግድግዳው።

ሻማዋን ይዛ ተመለሰች። ለማንም አላወራችም፤ ከአባባ ያፌት በቀር።

አባባ ያፌት የእድሩ ዳኛ ናቸው። በዘመናቸው መሪ ያለው አውቶቡስ ይነዱ ነበር፤ ድምፃቸው ከሞተር ጋር ሲፎካከር ኖሮ መቀነስ አልሆነለትም። ምሰሶው በቀን ከማንም በላይ ይቅርታ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። ሚስታቸው እማማ ቤዛ ቀደም ብለው፣ መቆፈር ሲፈቀድ ስለሞቱ፣ በአሮጌው መቃብር አፈር ውስጥ ናቸው። አንድ ዓመት ጥር ላይ አባባ ያፌት ደረታቸውን ይዟቸው ተኙ። ሐኪሙ ከከተማ ሆኖ በግድግዳው ስክሪን አያቸውና ራሱን ነቀነቀ። ሄራን ሾርባ ይዛ ስትገባ አጠገባቸው አስቀመጧት።

"ሄራን፣ ልጄ፣ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰውን የሚያስገቡት ምን ውስጥ ነው ያልሽኝ?"

"መሳቢያ ውስጥ ነው፣ አባባ።"

"መሳቢያ! እኔ ካልሲ ነኝ?"

"ይቅርታ አባባ ያፌት፣ ድምፅዎ ትንሽ ከፍ ብሏል" አለ የደጁ ምሰሶ።

"አንተን ማን አናገረህ" አሉ፣ ግን ዝቅ አድርገው። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ኮረብታው በአገጫቸው ጠቆሙ። "ያንን ሰውዬ ማን ቆፈረለት? ማንም። ዘመዶቹ አጋደሙት፣ ድንጋይ አለበሱት፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ይኸው እስከ ዛሬ ንክች ያደረገው የለም። እኔንም እንደ እሱ አድርጉኝ፣ ከቤዛ ጎን። ትችያለሽ?"

ሄራን ሾርባውን በማንኪያ አማሰለች። ሾርባው በረደ። "እሞክራለሁ አባባ" አለች በመጨረሻ።

ምሰሶዎቹ እነሱን ካላናገሯቸው በቀር የሚሰሙት የድምፁን መጠን እንጂ ነገሩን አይደለም ይባላል። እርግጠኛ የሆነ ሰው ስለሌለ የእድሩ ስብሰባ የተጠራው ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ነፋሱ ነጠላ ይቀማል። ሁሉም እንደ ልቡ መናገር ስለሚችል ገና ሳይጀመር ጫጫታ ሆነ። ሄራን የአባባ ያፌትን ቃል አስረዳች።

ቀድሞ የተነሳው ናታን ነው። ናታን የልጆች አባት ነው፤ ከመንደሩ ሁሉ ደንቡን ጠንቅቆ የሚጠብቅ፣ የበጎቹ ካልሲ ተንሸራቶ የማያውቅ ሰው ነው።

"አባባን እኔም እወዳቸዋለሁ" ብሎ ጮኸ። "ግን ከተያዝን ሁላችንም ነን የምንነሳው! ልጆቼን የት ላግባቸው? ወንድሜ ከተማ ውስጥ አልጋው ከግድግዳ በሚወጣ ክፍል ነው ያለው። ሲነጋ አልጋው ወደ ግድግዳው ይመለሳል፣ እሱም ሥራ ኖረው አልኖረው ይወጣል። ያንን ነው የምትመኙልኝ?"

ቄስ ኢዮኤል ቀጠሉ። "እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሰው አፈር ነው፣ ወደ አፈር ይመለሳል። ድንጋይ ነህና ወደ ድንጋይ ትመለሳለህ የሚል ግን አላነበብኩም።"

"አባታችን፣ ጌታ ራሱ የተቀበረው በዋሻ፣ ድንጋይ ተገጥሞበት አይደለም?" አለች ሄራን።

ቄሱ ጺማቸውን ዳበሱ። "እሱማ የቆየው ሦስት ቀን ነው። ያፌት ሊከርም ነው የሚፈልገው።"

ሰው ሳቀ። ገደሉ ሳቁን መለሰውና ድጋሚ ተሳቀ። ቄስ ኢዮኤልም ፈገግ ብለው "እሺ፣ አፈሩን ለእኔ ተዉት" አሉ።

"ድንጋዩስ?" አለ ናታን። "ከመሬት ድንጋይ ማንሳት ክልክል ነው።"

"ከቀለበቱ ውስጥ ነው ክልክሉ። ከዚህ ከገደሉ እናመጣለን። ለቤት የሚሆን ድንጋይ በሸክም ማስገባት ይፈቀድ የለም?"

"ለቤት ነው የሚፈቀደው፣ ሄራን!"

"ታዲያ ይሄስ ቤት አይደለም? የዘላለም ቤት የሚባለው ምንድን ነው?"

ሄራን ጠጋ አለችው። "አንተስ ናታን፣ የት ነው የምትቀበረው?"

ናታን ጋቢውን ሰብስቦ ብቻውን ዳገቱን ወጣ። የቀሩት እጃቸውን አነሱ፤ ጉዳዩም በዚያው አለቀ።

አባባ ያፌት ያረፉት በጠዋት፣ ውርጩ ገና ሳይነሳ ነው። ሄራን ጡሩምባውን አፏ ላይ ገጥማ መንደሩን ዞረች። ሞትን ለምሰሶ መንገር ግዴታ ስለሆነ ደጃቸው ላለው ምሰሶ ነገረችው።

"አባባ ያፌት አርፈዋል።"

"ነፍስ ይማር። ተሽከርካሪው ነገ ረፋድ ላይ ከቀለበቱ ውጭ ይጠብቃል።"

"አያስፈልግም። ወገን ራሱ ያሳርፋቸዋል።"

"መብትዎ ነው። ቁፋሮ እንደማይፈቀድ ላስታውስዎት።"

"አንቆፍርም።"

ከዚያ ድንጋይ ማጋዝ ተጀመረ። ሴቱም ወንዱም በአንቀልባ፣ በከረጢት፣ በትከሻ ከገደሉ እየጫነ ይወጣል። መግቢያው ላይ ያለው ምሰሶ ሁሉንም አንድ በአንድ ይጠይቃል።

"ድንጋዩ ለምን አገልግሎት ነው?"

"ለቤት።"

"የማን ቤት?"

"የአባባ ያፌት።"

"መልካም ግንባታ።"

ረፋዱ ላይ ሄራን ድንጋይ ስታወርድ ናታን ከሥር ሲመጣ አየችው። ጀርባው ላይ ያዘለው ድንጋይ ከሁሉም ድንጋይ ይበልጥ ነበር። ፊቱ ቀልቷል።

"አቶ ናታን፣ ሸክሙ ለጤናዎ ከባድ ነው" አለ ምሰሶው።

"ለቤት ነው" አለ ናታን ጥርሱን ነክሶ፣ አልፎም ሄደ። ሄራንን ሲያልፍ "ምንም እንዳትይኝ" አላት።

ሣጥኑን ከእማማ ቤዛ መቃብር ጎን፣ ሣሩ ላይ አኖሩት። ቄስ ኢዮኤል ፍትሐቱን ዝቅ ባለ ዜማ አደረሱ። ከዚያ ከካባቸው ኪስ በመሐረብ የታሰረ አፈር አወጡ፤ ከቀለበቱ ማዶ ከገደሉ አፋፍ የመጣ ነው። "የቄስ ኪስ ማን ይፈትሻል" ብለው በጆሮዋ ለሄራን ነገሯትና ሣጥኑ ላይ በተኑት። ሰው ድንጋዩን እንደ እንቁላል ቀስ እያደረገ ደረደረ። አንድም ድንጋይ ከሌላው ጋር ሲጋጭ አልተሰማም። ለቅሶው በመዳፍ ነበር። ከሩቅ ያየ ሰው መንደሩ በሙሉ ፊቱን የሚታጠብ ይመስለዋል።

ሄራን የመደርደር ተራዋ ሲደርስ አለቀሰች። ድንጋይ ባስቀመጠች ቁጥር እጇ መልቀቅ እምቢ ይላታል። ለአባባ ያፌት ብቻ አልነበረም ያለቀሰችው። ክምሩ ወገቧ ጋ ሲደርስ ግን ልቧ ቀለል አላት፤ እዚህ ማንም መጥቶ ሌላ ስም አያበራም።

በማግስቱ ክምሩን የምትጠብቀው በራሪ ካሜራ እንደ ልማዷ መጣች። ሰዉ ሁሉ በር በሩ ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ ያያል። በራሪዋ ኮረብታውን ዞረች፣ ወደ አሮጌው መቃብር ወረደች፣ አዲሱ ክምር ላይ ቆመች። ቆየች። እንደገና ዞረችው። ናታን ልጆቹን ወደ ቤት አስገባ። ከዚያ ምሰሶዎቹ በሙሉ በአንድ ላይ ተናገሩ።

"የምሥራች። በጅብራ ሜዳ እስካሁን ያልታወቀ ጥንታዊ የመቃብር ክምር ተገኝቷል። ጥበቃው ከአሁን ጀምሮ ይጸናል። እንኳን ደስ አላችሁ።"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንዷ መጀመሪያ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ሁሉም አደረገ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ደስታው እስከ ከሰዓት ቆየ። ከሰዓት አዳዲስ ምሰሶዎች ሲተከሉ ቀለበቱ በአዲሱ ክምር ልክ ሰፍቶ ገደሉን ከነአፋፉ ጠቀለለው።

"መጮኺያችንን በላው!" አለ ናታን በሹክሹክታ። በሕይወቱ እንደዚያ ተናዶ አያውቅም፤ የሚናደድበት ቦታ ደግሞ አልነበረውም።

የባሰውም በሳምንቱ መጣ። አዲስ ክምር ሲገኝ ሰው የሆነ ባለሙያ መጥቶ በዓይኑ ማረጋገጥ አለበት። የመጣው ባሮክ የሚባል፣ ቀጠን ያለ፣ ከተማ የሚለበስ ስስ ጃኬት የለበሰ ወጣት ነው። ብርዱ ከንፈሩን አጥቁሮታል። ሄራን ሳይጠይቃት ጋቢ ደረበችለት። ክምሩ ዘንድ ሲደርስ ብዙም አልመረመረም፤ አንዱን ድንጋይ በጣቱ ዳሰሰና ጣቱን ተመለከተ።

"የላይኛው ክምር ድንጋዮች ከዕድሜ ብዛት ሽበት አላቸው" አለ። "ይሄ አንዲት ሽበት የለውም። ማን ነው እዚህ ውስጥ?"

መንደሩ በሙሉ ከኋላው ቆሟል። ናታን የሄራንን ክንድ ያዘ። እሷ ግን ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

"አባባ ያፌት ናቸው። የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ።"

"ቆፍራችኋል?"

"አልቆፈርንም።"

"ድንጋዩስ?"

"ከገደሉ ነው። ለቤት ብለን አስገባን።"

ባሮክ አሳለ፤ ብርዱ ይሁን ሳቁ አልታወቀም። ከዚያ ፊቱ ከበደ። "እትዬ፣ የሐሰት ነው ብዬ ከወሰንኩ ይፈርሳል። እናንተም ትነሳላችሁ። ደንቡ ነው፣ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።"

"ማን ነው የሚያፈርሰው?"

"ማሽን እዚህ አይገባም። በእጅ ነው።"

"በማን እጅ?"

ባሮክ ወደ ሰዉ ዞረ። ሁሉም እጁን ጋቢው ውስጥ ከቷል። የእሱ እጅ ብቻ ነው ውጭ ያለው። ወደ ክምሩ ሄዶ ከላይ ያለውን ድንጋይ ያዘ። ግን ድንጋዩን አላነሳም፤ እንደያዘ ቆሞ ከጎን ያለውን የሣር ጉብታ አየ።

"ይሄስ የማን ነው?"

"የሚስታቸው፣ የእማማ ቤዛ።"

"ጎን ለጎን" አለ፣ ለራሱ። ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። የመሥሪያ ቤት ሰው ሣር ላይ ሲቀመጥ መንደሩ አይቶ አያውቅም። ሄራንም አጠገቡ ተቀመጠች።

"እናቴ ታማለች" አላት። "የምንኖረው ፎቅ ላይ ነው፣ ግን ሊፍት ውስጥ ገብታ አታውቅም። የተዘጋ ነገር ያፍናታል። ጉልበቷ አልቆ እንኳ ደረጃውን እየዳኸች ነው የምትወጣው። ባለፈው ሳምንት ከማረፊያ ሕንፃው መጥተው መሳቢያ ምረጪ አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።"

ሄራን ስለ አባቷ ነገረችው። ስለ ሻማው፣ ስለ ግድግዳው፣ "የጋራ ነው" ስለተባለችው። ባሮክ እስከ መጨረሻው ሰማት። ያን ጊዜ አጠገባቸው ያለው ምሰሶ ተናገረ።

"ባለሙያ ባሮክ፣ ውሳኔዎን እንጠብቃለን። ክምሩ እውነተኛ ነው?"

ባሮክ ተነሳና ጋቢውን አስተካከለ።

"ከሥሩ ሰው አለ። የሚወዱት ሰዎች በእጃቸው ከመሩት። እውነተኛ ነው።"

"ዕድሜው?"

"ዕድሜው በሂደት ላይ ነው።"

ምሰሶው ትንሽ አሰበ። "ተመዝግቧል። እናመሰግናለን።"

መንደርተኛው እልል አለ፣ በመዳፉ። ቄስ ኢዮኤል አማተቡ። ባሮክ ጋቢውን ሊመልስ አወለቀና እጁ ላይ እንዳለ ቆመ።

"እትዬ ሄራን፣ እድራችሁ አዲስ አባል ይቀበላል?"

ለዚህ ጉዳይ እድሩ ተሰበሰበ። መጮኺያው ስለተወሰደ ክርክሩ ሁሉ በሹክሹክታ ነበር፤ ሰው ጆሮውን ወደ ሰው አፍ እያስጠጋ ሲዘዋወር ቆየ። የከተማ ሰው አናስገባም ያለ አለ፤ ያዳነን እሱ ነው ያለም አለ። እጅ አውጡ ሲባል ከናታን በቀር ሁሉም አወጣ። ናታን ወደ ባሮክ ቀረበ።

"እዚህ ቀብር ሲኖር ሥራ አለኝ የሚባል ነገር የለም፣ ትመጣለህ። መኪና አይወጣም። ድንጋዩም ከእንግዲህ ከገደሉ ማዶ፣ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ትከሻህ እንዴት ነው?"

ባሮክ ትከሻውን አሳየው። ናታን ጨበጥ አድርጎ ለካው።

"ቀጭን ነው" አለና እጁን አወጣ።

እናቱ ወይዘሮ ሶሊያና ቦታውን ሳላይ አልሞትም ብለው ሚያዝያ ላይ መጡ። ካልሲ ባደረገች በቅሎ ነው የወጡት፣ ባሮክ አንዱን ጎን፣ ናታን ሌላውን ደግፏቸው። ከበቅሎዋ ወርደው ክምሩን ዞሩት። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በሁለት ድንጋይ መካከል አስገቡና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ነፋስ ይገባል" አሉ።

"ይገባል፣ እማማ" አለች ሄራን።

ወይዘሮ ሶሊያና ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። ሰማዩን አዩ፣ ሜዳውን አዩ፣ ሄራን ያቀረበችላቸውን ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ ቀመሱ። ሁለተኛውን ጨምረው በሉ።

"እንዲህ ከሆነማ" አሉ አፋቸውን እየጠረጉ፣ "አልቸኩልም።"